ኮፈን አልቀድም ያለው ሰው

ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ሲወርዱ፣ ከተማው አልቆ ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል፣ ደጁ ላይ የመኪና በርና ፓራፋንጎ የተደረደረበት አንድ የቆርቆሮ ጋራዥ አለ። የጋራዡን ባለቤት የጭሮ ሰው ትልቁም ትንሹም «ጋሽ ታምራት ባትላሜራ» ይለዋል። ሥራው የተጋጨና የተጨማደደ የመኪና ገላ ቀጥቅጦ ወደ ቀድሞ መልኩ መመለስ ነው። አርባ ስድስት ዓመት ሠርቶበታል።

የተወለደው ሚኤሶ ነው፤ አባቱ የአሮጌው ባቡር ሃዲድ ጠጋኝ ነበሩ። በአሥራ አምስት ዓመቱ ድሬዳዋ ላይ አንድ ሽማግሌ ባትላሜራ ዘንድ ሙያ እንዲማር ላኩት። ሽማግሌው በመጀመሪያው ቀን መዶሻ አላስያዙትም። ዓይኑን አስጨፍነው አንድ የተጠገነ በር ላይ እጁን አስጫኑትና፣ ዓይን በብርሃን ይታለላል፣ መዳፍ ግን አይታለልም፣ ጎድጓዳውን ፈልገህ አምጣ አሉት። ሦስት ወር ሙሉ ሥራው መዳበስ ብቻ ሆነ። ከዚያ በኋላ ግን የታምራት መዳፍ እውነተኛ መዳፍ ሆነ። የወረቀት ውፍረት የማታክል እብጠት እንኳ አታመልጠውም ነበር።

ያኔ ሁሉም ሰው አሰበ ተፈሪ ይላት ወደነበረችው ጭሮ አንድ መዶሻና አንድ መደገፊያ ብረት ይዞ መጣና እዚያው ቀረ። ልብስ ሰፊዋን ዘርፈሽዋልን አገባ። ልጅ ለማየት ዘጠኝ ዓመት ጠበቁ። ሚካል ስትወለድ ዕቃ የሚያስቀምጥበትን ጓዳ ጠርጎ፣ ከአንድ ላንድክሮዘር የተነቀለ ወንበር አነጠፈላት። ልጅቱ የመዶሻ ድምፅ ሲበረታ እንቅልፍ የሚወስዳት፣ ሲቆም የምትነቃ ሕፃን ነበረች።

ታምራት ልጁ ቢሮ እንድትቀመጥ ነበር ምኞቱ። እሷ ግን አውቶሞቲቭ ተምራ ስትመረቅ፣ ሰርተፍኬቷን ይዛ ጋራዡ ደጅ ቆመች። ለአንድ ሳምንት አኮረፈ። በስምንተኛው ቀን ዘርፈሽዋል በልጅቷ ልክ የተሰፋ ሰማያዊ ቱታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ወጣች፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። አባትና ልጅ አብረው መሥራት ከጀመሩ እነሆ አምስት ዓመት ሆናቸው።

ከሦስት ዓመት በፊት ታምራት ላይ አንድ ነገር ደረሰበት። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ነበር፤ የቀኝ እጁ ጣቶች ይደነዝዙ ጀመር። የጭሮ ብርድ ነው ብሎ አሸት አሸት እያደረገ አለፈው። እያደር ግን ድንዛዜው እስከ ቀትር መቆየት አመጣ፤ በኋላም ጭራሹን አልለቅህ አለው። አንድ ቀን የጠገነውን በር እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ቢዳብሰው፣ እጁ ወፍራም ጓንት ያጠለቀ ይመስል ምንም አልነገረውም። ዓይኑን ገልጦ ዙሪያውን ቃኘ፤ ያየው ሰው አልነበረም።

ለማንም አልተናገረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ላሜራውን ወደ ብርሃን ዘንበል እያደረገ በዓይኑ መመዘን ጀመረ፤ ሰው ሲያየው ግን እጁን እንደ ድሮው ላዩ ላይ ያንሸራሽራል። የሚገርመው፣ ቅር ያለው ደንበኛ አልመጣም። ታምራትም እግዚአብሔር ደግ ነው፣ እጄ በልማድ ብቻውን ያውቀዋል ብሎ ራሱን አጽናና።

አብዱረዛቅ የመጣው ታምራት ይህን ሁሉ በሆዱ ይዞ በሚሠራበት ጊዜ ነው። አብዱረዛቅ በየማለዳው ከሚኤሶ የግመል ወተት እየጫነ ጭሮ ድረስ የሚያመጣ ሾፌር ነው፤ ወተቱን ገበያ ላይ የምትሸጠው ሚስቱ ሳብሪና ናት። መኪናው አሮጌ ፒክአፕ ሲሆን፣ የፊተኛው ባለቤት የመኪናውን ሞተር አውጥቶ ከሌላ መኪና የተነቀለ ትልቅ ሞተር ከትቶበታል። ሞተሩ ጉልበት አለው፤ ቦታ ግን የለውም። ኮፈኑ፣ የሞተሩ ክዳን፣ ሲከፈት እጅ የሚያስገባ ክፍተት እንኳ አይታይም። ሜዳ ላይ ደህና ይሄድና ከሚኤሶ ወደ ጭሮ ዳገቱን ሲጀምር የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ ይጠጋል። ራዲያተሩን ለወጠ፤ የውሃ ፓምፑን ለወጠ፤ መካኒኩም ሁሉንም አገላብጦ ካየ በኋላ፣ ይኼ መኪና በሽታው ትንፋሽ ማጣት ነው፣ ባትላሜራ ጋ ውሰደው ብሎ ሰደደው።

ለእንዲህ ያለ ነገር ታምራት የቆየ መድኃኒት ነበረው። የኮፈኑን ማጠፊያ ፈትቶ ሥሩ ወፍራም ቀለበት ያስገባና ከፊት መስታወቱ በኩል ያለውን ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ ሙቀቱ በዚያ ይወጣል። ለአብዱረዛቅም እንዲሁ አደረገለት። መኪናው ቆሞ ሲሞቅ ለውጥ አሳየ፤ መንገድ ላይ ግን ያው ሆነ። እንዲያውም የሞተሩ ሽታ ወደ ውስጥ እየገባ አስቸገረው።

ሚካል ያኔ ነው ኮፈኑ መቀደድ አለበት ያለችው። በራዲያተሩ በስተኋላ፣ ወደ መሃል ቀረብ ብሎ፣ አፋቸው ወደ መስታወቱ የዞረ ስንጥቆች ቢወጡለት የታመቀው ሙቀት መውጫ ያገኛል አለች። ታምራት መዶሻውን አስቀመጠ።

«ኮፈን አልቀድም» አላት። «ዕድሜዬን ሙሉ ቀዳዳ ስደፍን ኖሬ፣ በእርጅናዬ ደህናውን ላሜራ ልቅደድ?»

አብዱረዛቅም ቢሆን መኪናው መቀደዱን አልወደደውምና ከሽማግሌው ጋር ወገነ። ሚካል ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

መጋቢት ገባ። የሚኤሶ ሙቀት ድንጋይ በሚያነድበት በዚያ ወር፣ የአብዱረዛቅ መኪና ዳገቱ ወገብ ላይ ውሃ አፈላበት። ወተቱ ፀሐይ ላይ መቆየቱ አስጨንቆት ሳይበርድ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተው፤ የፈላው ውሃ ክንዱን ላጠው። የዚያን ቀን ወተት ጭሮ የደረሰው ኮምጥጦ ነው።

በማግስቱ ሳብሪና ክንዱ በፋሻ የተጠቀለለ ባሏን አስከትላ ጋራዡ መጣች። አልተቆጣችም። ሰላምታ ሰጥታ፣ የታምራትን ጤና ጠይቃ፣ ልጆቿ ደህና መሆናቸውን ነግራ ስታበቃ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች።

«ኦቦ ታምራት፣ ወተቱስ ይደፋ፤ የባሌ ነገር ነው የሚያሳስበኝ። እርስዎ አይሆንም ካሉ ሌላ የምንሄድበት ቤት የለንም።»

ታምራት የአብዱረዛቅን ክንድ ሲመለከት ቆየ። ባልና ሚስቱ መኪናውን ትተው ሲሄዱ ሚካል ቀረብ አለችው። እንድትቀድ እንዲፈቅድላት አልጠየቀችም። አንድ ቀን ብቻ አብሯት ወደ ቆላ እንዲወርድና በዓይኑ እንዲያይ፣ ካላመነ ግን ነገሩን ዳግመኛ እንደማታነሳው ነገረችው። እሺ አላት።

ፋርማሲ ከምትሠራው ጓደኛዋ ከሰልዋ አንድ አዲስ የግሉኮስ ቱቦ አመጣች። ከወገቡ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ አጥፋ ጣውላ ላይ አሰረችው፤ በሻይ የቀላ ውሃም ሞላችበት። የቱቦውን አንድ ጫፍ ከኮፈኑ ሥር፣ ሞተሩ ጋ አስቀመጠችው፤ ሌላውን ጫፍ ከኮፈኑ በላይ በፕላስተር ለጠፈችው። ጣውላውን አባቷ ጭን ላይ አኖረችለት።

«ውሃው ከኮፈኑ በላይ በለጠፍኩት ጫፍ በኩል ከፍ ካለ፣ እዚያ ቦታ ንፋሱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይስባል ማለት ነው» አለችው። «ዝቅ ካለ ወደ ውስጥ ይገፋል ማለት ነው። አንተ ውሃውን ብቻ እየው።»

ከሚኤሶ አልፈው ወደ አሰቦት በሚወስደው ሜዳ ላይ ሚካል ፍጥነት ጨመረች። ታምራት መነጽሩን አድርጎ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ጣውላውን በሁለት እጁ ያዘ። የቱቦው ላይኛ ጫፍ በመጀመሪያ የተለጠፈው ከፊት፣ ከራዲያተሩ ጀርባ ነበር። ቀዩ ውሃ በላይኛው በኩል ሁለት ጣት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ቆሙ፤ ፕላስተሩን ነቅለው ትንሽ ወደ ኋላ ወሰዱት፤ እንደገና ነዱ። እንዲያ እያሉ ስምንት ጊዜ ቆሙ። ግመሎቹን የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ በመገረም ይመለከታቸው ነበር፤ ታምራት በኦሮምኛ መኪናውን እያስታመምን ነው ቢለው፣ አላህ ይማርላችሁ ብሎ መረቃቸው።

ቱቦው ወደ መስታወቱ ሲጠጋ ውሃው ከፍታውን እየቀነሰ መጣ። በመጨረሻ ታምራት ራሱ ከፍ ያደረገው ክፍተት አጠገብ ሲለጥፉት ግን፣ ውሃው ወደ ታች ወርዶ በሌላኛው በኩል ወጣ። ታምራት ጣውላውን አዟዙሮ አየው። እንድትመለስና ደግማ እንድትነዳ ጠየቃት፤ ደገመች፤ ያው ሆነ።

«አቁሚ» አላት። መኪናው ሲቆም ጣውላውን ከጭኑ አወረደ። «ንፋሱ ለካ በኔ ቀዳዳ የሚገባ ነው። ስንቱን ሰው መኪና እንዲህ አድርጌ ሰደድኩ።»

ሚካል መሪውን ይዛ ፊት ለፊቷን እያየች፣ መኪናው ሲቆም የእሱም ዘዴ እንደሚሠራ፣ ሙቀት ምን ጊዜም ወደ ላይ ስለሚወጣ እንደሚረዳ ነገረችው። ሲሮጥ ነው መስታወቱ ንፋሱን መልሶ የሚያስገባው አለችው። ዳገት ላይ ደግሞ መኪናው አዝጋሚ ስለሆነ ከንፋሱ ይልቅ የራዲያተሩ ፋን ነው የሚገፋው፤ ስለዚህ መውጫው ለፋኑ ቅርብ ይሁን አለች። ታምራት ነገሩን በቀስታ አላመጠው። ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው ታውቅ እንደነበረ፣ ሰው ፊት ግን እንዳላሳጣችው ገባው። ጭሮ ደርሰው ጋራዡ ደጅ ሲወርድ «ካልቀረ እኔው ልቅደደው» አለ።

ሥራው አራት ቀን ፈጀ። ቀለበቶቹን ከማጠፊያው ሥር አውጥቶ ጀመረ። ከዚያ ከወይራ እንጨት ቅርጽ ጠርቦ፣ ኮፈኑ ላይ በግራና በቀኝ ስድስት ስድስት ስንጥቅ በእርሳስ አሰመረ። የመጀመሪያውን ሲቆርጥ ፊቱ የራሱን ገላ የሚቆርጥ ሰው ፊት ይመስል ነበር። ሚካል ከሥር ቅርጹን ደግፋ ትይዛለች፤ እሱ የስንጥቁን ከንፈር በትንሽ መዶሻ ቀስ እያደረገ ወደ ላይ ያነሳዋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው እያለ ሲሄድ እጁ ፈታ አለ፤ ስድስተኛው ላይ ማንጎራጎር ጀመረ። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ መዳፉን በአሥራ ሁለቱም ላይ አሳለፈና «አለቀ፣ ለቀለም አዘጋጂው» ብሎ ለምሳ ወጣ።

መንገድ ላይ መነጽሩን መርሳቱ ትዝ አለውና ተመለሰ። በሩ ጋ ሲደርስ የመዶሻ ድምፅ ሰማ። በዝግታ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ የሚመታ ይመስል ነበር። ሚካል ኮፈኑ ላይ አጎንብሳለች። ዓይኗን ጨፍና በዘጠነኛው ስንጥቅ ጠርዝ ላይ መዳፏን ታንሸራሽራለች፣ ታቆማለች፣ ሁለቴ ትመታለች፣ ደግሞ ትዳብሳለች። ልክ ድሬዳዋ የነበሩት ሽማግሌ ያስተማሩት፣ እሱም በተራው ያስተማራት ዓይነት አዳበስ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት።

ሚካል ብድግ አለች። ልትክድ አፏን ከፈተችና ተወችው። «ካቻምና ከመስከረም» አለች። «ለምሳ ስትወጣ ነው የማቃናው። ብዙም አይደለም፣ አባዬ። ትንሽ ትንሽ ነው።»

ታምራት በአእምሮው ያለፉትን መኪናዎች አንድ በአንድ ቃኛቸው። የአውቶቡሱ በር፣ የቄሱ ልጅ ታክሲ፣ ወደ በደሳ የሄደው ፒክአፕ። አንድም ደንበኛ ተመልሶ ያልመጣበትን ምክንያት አሁን ተረዳው። ሊቆጣ ቢፈልግ ቁጣው አልመጣለትም። መነጽሩን ሳያነሳ ወደ ቤቱ ሄደ።

ዘርፈሽዋል ምሳ አቅርባ ትጠብቀው ነበር፤ ሳይበላ ተቀመጠ። ሲቸግረው እጁን ዘረጋና፣ ይኼ እጅ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ልጄ ስትሸፍንልኝ ኖራለች ብሎ ነገራት። ሚስቱ አልደነገጠችም። ተነስታ ሳጥኑን ከፈተችና ከሸሚዞቹ አንዱን አውጥታ ጭኑ ላይ አኖረችለት።

«ቁልፎቹን እያቸው» አለችው።

አያቸው። ሸሚዙ ሲገዛ የነበሩት ጥቃቅን ቁልፎች አይደሉም፤ ትልልቅ ናቸው፣ ቀዳዳቸውም ሰፋ ተደርጎ እንደገና ተዘምዝሟል። ሌላ ሸሚዝ አወጣች፤ እሱም እንደዚያው። ካፖርቱም። ጠዋት ጠዋት ቁልፍ ሲያቅተው ጀርባውን ሰጥቷት ሲታገል አይታ፣ እሱ ሥራ ሲውል አንድ በአንድ ለውጣቸው ነበር። መልበስ የቀለለው እጁ እየተሻለው መስሎት ነበር። ታምራት ሸሚዙን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ዘርፈሽዋልም አጠገቡ ተቀምጣ፣ እስኪወጣለት ድረስ ጠበቀችውና እንጀራውን በእጇ ጠቅልላ አጎረሰችው።

በማግስቱ ከሚካል ቀድሞ ጋራዡን ከፈተ። ስትገባ ትንሹን መዶሻ ይዞ ኮፈኑ አጠገብ ቆሞ አገኘችው።

«ነይ፣ ዘጠነኛውን እንጨርሰው» አላት። «እኔ ልምታ፣ አንቺ ዳብሺ። ሲበዛም ሲያንስም ንገሪኝ፣ አትፈሪኝ።»

እንዲያ ሆነ። እሷ ዓይኗን ጨፍና «እዚህ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ብቻ» ትላለች፤ እሱ ይመታል። ክንዱ አሁንም ልኩን ያውቅ ነበር፤ አርባ ስድስት ዓመት የመታ ክንድ ነው። ከሁለታቸው የወጣው ላሜራ ታምራት በደህናው ዘመኑ ከሠራው አያንስም ነበር።

ኮፈኑ ቀለም ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ፣ ወተት የተጫነበትን መኪና በጠራራ ፀሐይ ከሚኤሶ ይዘውት ወጡ። አብዱረዛቅ ክንዱ ድኖ ነበርና እሱ ነዳ፤ አባትና ልጅ አጠገቡ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ዳገቱ ሲጀምር ሦስቱም ቀስቱን እንጂ መንገዱን አላዩም። ከመሃል ትንሽ ከፍ አለ። አብዱረዛቅ ቢስሚላሂ እያለ ማርሽ ቀየረ። ቀስቱ እዚያው እንደቆመ ያን ወተት ያኮመጠጠውን ቦታ አለፉት። ዳገቱ አናት ላይ ሲደርሱ አብዱረዛቅ ዳር ይዞ አቆመና ሞተሩን ሳያጠፋ ወረዱ። ሚካል እጇን ከስንጥቆቹ በላይ ዘርግታ ሳቀች። አብዱረዛቅም እጁን ዘርግቶ «ወላሂ ምድጃ ነው» አለ።

ታምራትም ዘረጋ። ጣቶቹ ምንም አልነገሩትም። ያን ጊዜ ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለና ጉንጩን ወደ ስንጥቆቹ አቀረበ። ሙቀቱ ከሥር እየገፋ መጥቶ ፊቱን ዳሰሰው። ቀና ሲል ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ ሚካል የገዛ ነጠላዋን ጫፍ አቀበለችው፣ እሱም የሞተሩ ጭስ ነው ብሎ ጠረገ።

ነገሩ እንከን አልነበረውም አይባልም። ሰኔ ላይ የጭሮ ዝናብ ሲወርድ ውሃው በስንጥቆቹ ገብቶ ሞተሩ ላይ ተንጠባጠበና መኪናው አንድ ጠዋት አልነሳም አለ። አብዱረዛቅ ፊቱን አጥቁሮ መጣ። ታምራትና ልጁ ከኮፈኑ በታች ውሃውን ተቀብሎ በግራና በቀኝ የሚያፈስ ቀጭን አሸንዳ ሠሩለት፤ ሙቀቱም በአሸንዳውና በኮፈኑ መካከል እንዲያልፍ ቦታ ተውለት። ከዚያ ወዲያ ዝናብም አላስቆመው።

ታምራት ጤና ጣቢያም ሄዷል። ሐኪሙ የዘመናት ንዝረት ነርቩን እንደጎዳው፣ ግራይንደር የሚሉትን የብረት መሞረጃ ማሽን መያዝ እንዲያቆም፣ የሄደው ስሜት ይመለሳል ብሎም ቃል ሊገባለት እንደማይችል ነገረው። ቃሉን ሰምቶ ግራይንደሩን ለሚካል አስረከበ።

ወሬ ይሮጣልና አሁን ከሂርናም ከገለምሶም ኮፈን አስቀድዱን የሚሉ ሾፌሮች ይመጣሉ። አባትና ልጅ ለሁሉም እሺ አይሉም። መጀመሪያ ራዲያተሩንና ፋኑን አስመርምራችሁ ኑ ይሏቸዋል፤ አብዛኛው በዚያው ድኖ ይቀራል።

በቅርቡ ከገለምሶ የመጣ አንድ ቁጡ ሾፌር መኪናውን ሊረከብ ቆሞ፣ እኔ የመጣሁት የጋሽ ታምራትን መዳፍ አምኜ ነው፣ ልጅቷ ዳብሳ ጨረስኩ ብትለኝ አልሰማም፣ እርስዎ ራስዎ ይዩልኝ ብሎ ድርቅ አለ። ታምራት ሻይ ይጠጣ ነበር። ብርጭቆውን አስቀመጠና የደነዘዙ ጣቶቹን ለሰውዬው ዘረጋለት።

«ይኼ ከደነዘዘ ቆየ፣ ልጄ» አለው። «ያንን መዳፍ የምትፈልግ ከሆነ ያውልህ፣ እሷ ጋ ነው። እኔም የምጠይቃት እሷን ነው።»

ሾፌሩ አንዴ ሽማግሌውን፣ አንዴ ሚካልን አየ። ከዚያ ኮፈኑን ራሱ ዳበሰና፣ ብዙም ሳይቆይ ቁልፉን ከሚካል ተቀብሎ ሄደ።